28 ቀናት በጠርሙስ ውስጥ፤ አንድ ኬሚካል «በቀላሉ ይበሰብሳል» የሚባለው መቼ ነው?

በገበያ ላይ ከምናገኛቸው የዱቄትና የፈሳሽ ሳሙናዎች በአንዳንዶቹ ማሸጊያ ላይ «በተፈጥሮ የሚበሰብስ» የሚል ጽሑፍ ሰፍሮ ይታያል። አባባሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሦስት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ያልፋል። በምን ያህል ጊዜ? በምን ዓይነት አካባቢ? እስከ ምን ደረጃ? የጊዜ ገደብ ካልተደረገ የጽድ ምሰሶም የቆዳ ጫማም ይበሰብሳል። ስለዚህ በሙያው የተሠማሩ ሰዎች ቃሉን እንዲሁ በልማድ አይጠቀሙበትም። አንድ ኦርጋኒክ ውሁድ በውኃ ውስጥ «በቀላሉ በስባሽ ነው» ለመባል የሚያልፍበት የታወቀ ፈተና አለ። በዚህ ጽሑፍ ፈተናው ከምን ችግር እንደ ተወለደና በቤተ ሙከራ እንዴት እንደሚካሄድ እንመለከታለን። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የምንሰጠው ግን ውጤቱ ለሚናገረውና ለማይናገረው ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

አረፋ የሸፈናቸው ወንዞች

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከስብና ከዘይት የሚሠራውን ሳሙና ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠሩ ማጽጃዎች በስፋት ተኩት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት ከእነዚህ ሁሉ ገኖ የወጣው ቴትራፕሮፒሊን ቤንዝን ሰልፎኔት የተባለው ውሁድ ነበር። (ቤንዝን ስንል ስድስት ካርቦኖች በቀለበት መልክ የተያያዙበትን ውሁድ እንጂ መኪና የሚነዳበትን ቤንዚን ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይበልልን።) ማጽጃው ርካሽ ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም በበዛበት ውኃም ከሳሙና በተሻለ ያጸዳል። እንከኑ የታየው በልብስ ማጠቢያው ቦታ ሳይሆን በወንዙ ላይ ነው። በምዕራብ ጀርመን፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች ገንዳዎች በአረፋ ተሞሉ፤ ውኃ ከግድብ በሚወርድበት ቦታ ሁሉ ነጭ ክምር እየተነሣ በነፋስ ይበተን ጀመር።

ምክንያቱ የሞለኪውሉ ቅርጽ ነበር። ባክቴሪያዎች ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ሲያገኙ ከጫፉ ጀምረው ሁለት ሁለት ካርቦን እየቆረጡ ይመገቡታል። ባዮኬሚስቶች ይህን ሂደት ቤታ ኦክሲዴሽን ይሉታል። ቀጥ ያለ ሰንሰለት ጫፉ እንደ ተገኘ የሹራብ ክር ያለ ችግር ይተረተራል። የቴትራፕሮፒሊኑ ሰንሰለት ግን በየቦታው ሜቲል የሚባሉ አጫጭር ቅርንጫፎች የበቀሉበት ነው። ኢንዛይሙ ቅርንጫፉ ዘንድ ሲደርስ መቁረጥ ያቅተዋል፤ ሥራው ገና ሳይጀመር ይቆማል።

ምዕራብ ጀርመን በ1961 እ.ኤ.አ. የማጽጃዎች ሕግ አወጣች። ከ1964 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ድንጋጌ መሠረት የማጽጃ ንጥረ ነገሮች ቢያንስ 80 በመቶ መበስበስ ነበረባቸው። የአሜሪካ አምራቾችም በ1965 ቅርንጫፍ አልባ ጭራ ወዳለው ሊኒየር አልኪል ቤንዝን ሰልፎኔት ተሸጋገሩ። የሞለኪውሉ ራስ አልተለወጠም፤ ጭራው ብቻ ቀና። ወንዞቹም ከአረፋው ተገላገሉ።

ይሁን እንጂ ያ 80 በመቶ የምን 80 በመቶ ነበር? በጊዜው የነበረው መለኪያ ሜቲሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ቀለም ነው። ቀለሙ ከማጽጃው ሞለኪውል ጋር ተጣምሮ ወደ ክሎሮፎርም ይገባል፤ ክሎሮፎርሙ ሰማያዊ ከሆነ ማጽጃው አለ ማለት ነው፤ ሰማያዊነቱ ከጠፋ ማጽጃው የለም ማለት ነው። ነገር ግን ሞለኪውሉ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ የማጽዳት ጠባዩን ካጣ የቀረው አካሉ በውኃው ውስጥ ቢኖርም ቀለሙ አይነግረንም። ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ብስባሴ ይባላል። የዚህን ልዩነት ክብደት ያሳየው ኖኒልፌኖል ኤቶክሲሌት የተባለው ሌላ የማጽጃ ቤተሰብ ነው። ባክቴሪያዎች የኤቶክሲሌቱን ሰንሰለት በፍጥነት ይበሉታል፤ የማጽዳት ኃይሉም ይጠፋል። የሚተርፈው ኖኒልፌኖል ግን ከእናቱ ውሁድ ይልቅ ለዓሣ መርዛማ ነው፤ እንደ ኤስትሮጅን ሆርሞን የመሥራት ጠባይም አለው። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዚህን ቤተሰብ አጠቃቀም በእጅጉ ገድቧል። «ጠፋ» እና «በሰበሰ» አንድ ቃል አይደሉም።

ሳይንቲስቶች ከዚህ በኋላ የጠየቁት ንጥረ ነገሩ ከእይታ መሰወሩን ሳይሆን ካርቦኑ የት እንደ ገባ ነው። ካርቦኑ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተለወጠ፣ ወይም የባክቴሪያዎቹ አካል ከሆነ፣ ብስባሴው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ደርሷል።

ፈተናው እንዴት ይካሄዳል?

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት፣ በምኅጻሩ ኦኢሲዲ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በ1992 ያሻሻለው መመሪያ ቁጥር 301 ስድስት የሙከራ ዘዴዎችን ይዟል። አንዱ የመጣው ከጃፓን ነው። ጃፓን በ1968 ፒሲቢ በተባለ ኬሚካል የተበከለ የሩዝ ዘይት ብዙ ሰዎችን ከመረዘባት በኋላ በ1973 የኬሚካሎች ቁጥጥር ሕግ አውጥታ ነበር። ስድስቱ ዘዴዎች በመለኪያቸው ይለያያሉ እንጂ ሐሳባቸው አንድ ነው፤ ንጥረ ነገሩ ለረቂቅ ተሕዋስያን ብቸኛ ምግብ ሆኖ ይቀርባል፣ ከዚያም መብላት አለመብላታቸው ይታያል።

ለተማሪ ቤተ ሙከራ የሚቀርበው የተዘጋ ጠርሙስ ሙከራ የሚባለው ነው። ፎስፌት፣ አሞኒየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ብረት ብቻ ያለበት፣ ካርቦን የሌለው ውኃ ይዘጋጅና አየር በሚገባ ይነፋበታል። ከሚመረመረው ንጥረ ነገር በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊ ግራም ይጨመርበታል። በመጨረሻም ጥቂት ጠብታ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ውኃ እንደ ዘር ይገባል፤ ይህም በሊትር ከ5 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ነው። ጠርሙሶቹ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ ሳትቀር እስከ አፋቸው ተሞልተው በመስታወት ክዳን ይዘጋሉ፤ በጨለማ ቦታ በ22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀመጣሉ። በየጊዜው ሁለት ሁለት ጠርሙስ እየተከፈተ የተረፈው ኦክስጅን ይለካል። የተከፈተ ጠርሙስ ተመልሶ አይዘጋም፤ ስለዚህ ለአንድ ሙከራ ብዙ ጠርሙስ ያስፈልጋል። ለልኬቱ የኦክስጅን ኤሌክትሮድ ከሌለ የሃንጋሪው ኬሚስት ዊንክለር በ1888 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የቲትሬሽን ዘዴ ዛሬም ይበቃል። የሚያስፈልጉት ማንጋኒዝ ሰልፌት፣ አልካሊ ያለበት አዮዳይድ፣ አሲድ፣ ታዮሰልፌትና ስታርች ብቻ ናቸው።

ዘሩ ከየትም አይቀዳም። የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ በብዛት ከሚቀበል ጣቢያ መምጣት አለበት፤ ለሚመረመረው ኬሚካል አስቀድሞ የተለማመደም መሆን የለበትም። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በታች ካለ ወንዝ ውኃ ቀድቶ የፋብሪካውን ማቅለሚያ የሚመረምር ተማሪ፣ ያንን ማቅለሚያ ለዓመታት ሲለምዱ የኖሩ ባክቴሪያዎችን ለፈተና ማቅረቡ ነው። ፈተናው ስለ ሌላ ወንዝ የሚነግረው ነገር አይኖርም።

ከሙከራው ጠርሙሶች ጎን ሌሎች ሦስት ዓይነት ጠርሙሶች ይቆማሉ። አንደኛው ዘርና ጨው ብቻ ያለበት ባዶ ማነጻጸሪያ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ለራሳቸው የሚተነፍሱትን ኦክስጅን ለመቀነስ ይጠቅማል። ሁለተኛው በእርግጥ እንደሚበሰብስ የታወቀ ንጥረ ነገር ያለበት ነው፤ አኒሊን፣ ሶዲየም አሲቴት ወይም ሶዲየም ቤንዞኤት ይሆናል። ይህ በ14 ቀናት ውስጥ የማለፊያውን መስመር ካልደረሰ ዘሩ ደካማ ነውና ሙከራው ሁሉ ይሰረዛል። (ሶዲየም ቤንዞኤት በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያንን ለመከላከል የሚጨመረው ያው ንጥረ ነገር ነው። በአሲዳማ መጠጥ ውስጥ ይገታቸዋል፤ አሲድ ባልሆነ ውኃ ውስጥ ሲቀጥን ግን ምግባቸው ይሆናል።) ሦስተኛው ጠርሙስ ሁለቱንም፣ የሚመረመረውንም የታወቀውንም፣ የያዘ ነው። በዚህኛው የታወቀውም ጭምር ሳይበሰብስ ከቀረ የምንመረምረው ንጥረ ነገር ባክቴሪያዎቹን እየመረዛቸው ነው ማለት ነው። አንዳንድ ተሕዋስያን ገዳይ ማጽጃዎች በሊትር 100 ሚሊ ግራም በሚጠይቀው ዘዴ ወድቀው በ2 ሚሊ ግራም የሚያልፉት በዚህ ምክንያት ነው። ወንዝ ውስጥ የሚገኘው መጠን ደግሞ ከሁለቱም ያነሰ ነው።

ስሌቱና የአዲስ አበባ ከፍታ

ስሌቱ የሚነሣው አንድ ንጥረ ነገር ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል ከሚፈልገው ኦክስጅን ነው። ይህም የንድፈ ሐሳብ የኦክስጅን ፍላጎት ይባላል፤ ከኬሚካላዊ ቀመሩ ይሰላል። አንድ ሚሊ ግራም ግሉኮስ 1.07 ሚሊ ግራም፣ አንድ ሚሊ ግራም ሶዲየም ቤንዞኤት ደግሞ 1.67 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። በሊትር 2 ሚሊ ግራም ቤንዞኤት ጨምረናል እንበል፤ ሙሉ ፍላጎቱ 3.34 ሚሊ ግራም ነው። በ14ኛው ቀን በባዶ ማነጻጸሪያው 6.0፣ በቤንዞኤቱ ጠርሙስ 3.4 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ቢገኝ ልዩነቱ 2.6 ይሆናል። 2.6 ለ3.34 ሲካፈል 78 በመቶ ይመጣል። የማለፊያው መስመር 60 በመቶ ስለሆነ ቤንዞኤቱ አልፏል።

መስመሩ 100 ያልሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ባክቴሪያዎች ከሚበሉት ካርቦን ከፊሉን ለጉልበት ያቃጥሉታል፤ ከፊሉን ለሰውነታቸው መገንቢያ ያውሉታል። ኦክስጅን ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ ዘዴ የሚያየው የተቃጠለውን ብቻ ነው። በውኃ የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን መቀነሱን የሚለካው ዘዴ ግን አካል የሆነውንም ይቆጥራል፤ ስለዚህ የእሱ መስመር 70 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ በአገራችን ደጋማ ከተሞች ለሚሠሩ ተማሪዎች ልዩ ትርጉም ያለው ነጥብ እናነሣለን። መመሪያው ሲጻፍ የታሰበው ውኃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን የያዘ ነው። በባሕር ጠለል ላይ በ22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአየር የጠገበ ውኃ 8.7 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛልና ከዚህ ብዙ አይርቅም። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ወርዶ 6.6 ሚሊ ግራም አካባቢ ይሆናል።

አሁን ከመመሪያው ላይ በቀጥታ ተቀድቶ አንድ ሚሊ ግራሙ 2 ሚሊ ግራም ኦክስጅን የሚፈልግ ንጥረ ነገር በሊትር 5 ሚሊ ግራም ቢጨመር ምን እንደሚሆን እንመልከት። ሙሉ ፍላጎቱ 10፣ የማለፊያው 60 በመቶ ደግሞ 6 ሚሊ ግራም ነው። ባዶ ማነጻጸሪያው አንድ ሚሊ ግራም ቢተነፍስ፣ በጠርሙሱም መመሪያው የሚጠይቀው 0.5 መትረፍ ስላለበት፣ አዲስ አበባ ላይ ለንጥረ ነገሩ የሚቀርለት 5.1 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ባክቴሪያዎቹ የቱንም ያህል ቢተጉ 60 በመቶ ሊደርሱ አይችሉም። በወደብ ከተማ ቤተ ሙከራ የሚያልፈው ያው ንጥረ ነገር እዚህ «የማይበሰብስ» ተብሎ ይመዘገባል፤ የወደቀው ግን ንጥረ ነገሩ ሳይሆን ጠርሙሱ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። መጠኑን ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ግራም ማውረድ፣ አለዚያም አየር ሳያቋርጥ የሚነፋበትን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ዘዴ መምረጥ ይቻላል። በዚህኛው ዘዴ ከጠርሙሱ የሚወጣው ጋዝ በባሪየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ያልፋል፤ ነጭ የባሪየም ካርቦኔት ዝቃጭ ሲወርድ ማየት ለተማሪ ዓይን ከቲትሬሽን ቁጥር ይልቅ ያሳምናል። እንደ ትነት በቀላሉ ለሚበሩ ንጥረ ነገሮች ግን አይሆንም፤ ባክቴሪያዎቹ ሳይደርሱበት አየሩ ይዞት ይሄዳል።

ማለፍና መውደቅ እኩል አይመዝኑም

ጠቅላላው ጊዜ 28 ቀናት ነው። ከዚህ ውስጥ ግን ሌላ ጠበብ ያለ ገደብ አለ፤ ብስባሴው 10 በመቶ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ10 ቀናት ውስጥ የማለፊያው መስመር መነካት አለበት። በ5ኛው ቀን 10 በመቶ የደረሰ እስከ 15ኛው ቀን 60 መድረስ ይጠበቅበታል። ባክቴሪያዎቹ ምግቡን ለመልመድ ጊዜ ቢወስድባቸው ይታገሣቸዋል፤ አንዴ ከጀመሩ በኋላ ግን መንቀርፈፍን አይታገሥም። የአውሮፓ ኅብረት በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው የማጽጃዎች ደንብ 60 በመቶውን በ28 ቀናት ጠይቆ የ10 ቀኑን መስኮት ትቶታል። አብዛኛው የማጽጃ ንጥረ ነገር የሰንሰለት ርዝመታቸው የተለያየ ሞለኪውሎች ድብልቅ ነውና እያንዳንዱ በየተራው ስለሚበሰብስ ነው።

እንግዲህ የፈተናውን ሁኔታ ሰብስበን ብናየው ሆን ተብሎ የተጨከነበት ነው። ዘሩ ጥቂት ነው፤ ያልተለማመደ ነው፤ ቀኑ አጭር ነው፤ ምግቡ አንድ ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለፈ ንጥረ ነገር ባክቴሪያ በሞላበት ማጣሪያ ጣቢያም ሆነ ኦክስጅን ባለው ወንዝ በፍጥነት ይበሰብሳል ብሎ መደምደም ያስደፍራል። የወደቀ ግን አይበሰብስም ማለት አይደለም። ፓራ ናይትሮፌኖል የተባለው ውሁድ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ በአንዱ ቤተ ሙከራ ሲያልፍ በሌላው ይወድቃል። ምክንያቱ እሱን መብላት የሚችሉት ባክቴሪያዎች ጥቂት በመሆናቸው፣ በዚያች ጠብታ ዘር ውስጥ መገኘት አለመገኘታቸው የዕድል ጉዳይ ስለሚሆን ነው። በአንጻሩ ፐርፍሎሮኦክታኖይክ አሲድ በየትኛውም ሙከራ አይበሰብስም፤ የካርቦንና የፍሎሪን ትስስሩ ባክቴሪያዎቹን ሁሉ አሸንፏል። በ2019 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ስምምነት የዝርዝር ሰነድ ውስጥ ገብቷል። በ301 ሙከራ ሁለቱም «ወድቀዋል» ሊባሉ ይችላሉ፤ በወንዝ ውስጥ ግን ዕጣቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ የወደቀ ንጥረ ነገር ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሸጋገራል፤ ብዙ ዝቃጭ ወደሚሰጥበት ሙከራ፣ ከዚያም የወንዝ ውኃን ወይም የማጣሪያ ጣቢያን ወደሚያስመስል ሙከራ። በአውሮፓ ሕግ አንድ ንጥረ ነገር በጨው አልባ ውኃ ውስጥ «ዘላቂ» የሚባለው መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ ከ40 ቀናት በላይ ሲፈጅበት ነው እንጂ 301 ላይ ስለ ወደቀ ብቻ አይደለም።

ከዕፅዋት የተገኘ ሁሉ ያልፋል የሚለውም ግምት አያስኬድም። በእንጨት ውስጥ ያለው ሊግኒን ፍጹም ተፈጥሯዊ ሆኖ እጅግ ዝግተኛ በስባሽ ነው። እናቶቻችን ሸማ ያጥቡበት የነበረው እንዶድ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ያስተዋሉት ያ ተክል፣ አረፋው የሚመጣው ሳፖኒን ከተባሉ ውሁዶች ነው። በውኃ ላይ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነገር በመሆኑ እንደ ማንኛውም የፋብሪካ ኬሚካል ስንት ቀን እንደሚቆይ መጠየቅ አለበት።

ከጠርሙሱ ውጭ

301 የሚፈተነው ኦክስጅን ባለበት ነው። የሊኒየሩ አልኪል ቤንዝን ሰልፎኔት ጉዳይ እዚህ ላይ ያስተምራል። ኦክስጅን ባለበት ውኃ ብስባሴው ፈጣን ነው፤ ኦክስጅን በሌለበት ዝቃጭ ውስጥ ግን ሳይነካ ይቀመጣል፤ ባክቴሪያዎቹ ጭራውን ለመተርተር የሚጀምሩት ኦክስጅንን በመጨመር ነውና። የአዲስ አበባን የመኖሪያ ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚወርዱት ትንሹና ትልቁ አቃቂ ብዙ ኦርጋኒክ ቆሻሻ ስለሚገባባቸው ባክቴሪያዎች የሟሟውን ኦክስጅን ቀድመው ይጨርሱታል። በበጋ ውኃው በቀነሰበት፣ ጥቁር ዝቃጭ በተኛበት ሥፍራ ላይ ለሚደርስ ማጽጃ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የ301 ውጤት አይሠራም። ለእንዲህ ያለው ሁኔታ የተዘጋጀው መመሪያ ቁጥር 311 ነው። ከማብላያ ጋን በተወሰደ ዝቃጭ፣ ያለ ኦክስጅን፣ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ 60 ቀናት ይካሄዳል፤ የሚለካውም በጠርሙሱ ውስጥ የሚፈጠረው ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።